ገደል የተሻገረው ጎጆ

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ገደል ወዲህና ወዲያ ይኖሩ ነበር አሉ። ታላቁ አንድ ትርፍ ጎጆ ነበራቸውና ለታናሹ ሰጡት። መሻገሪያው ግን አንድ ሰው አንድ እንጨት ተሸክሞ በጭንቅ የሚያልፍበት የግንድ ድልድይ ነው። ቤት እንደቆመ አይሻገርምና አፈረሱት። ተሸካሚዎች ምሰሶውን፣ ቋሚውን፣ ማገሩን በየተራ አሻግረው ከማዶ ከመሩት። ታናሹ ቢያየው የእንጨት ክምር ነው። የቱ የበር መቃን ነው? የቱ የጣሪያ ነው? በግምት አቆመው። በሩ ወደ ገደሉ ዞረ፤ ማገሩ ቋሚ ሆኖ ገብቶ ኖሮ ጣሪያው ክረምት ሲገባ ዘመመ።

ታላቁ ይህን ሲሰሙ ከማዶው አናጢ ጋር ተመካከሩ። በየእንጨቱ ጫፍ በቢላዋ ይጫር፤ አንድ ጭረት ቋሚ፣ ሁለት ጭረት ማገር፣ መስቀል መቃን ይሁን ተባለ። በዚህ መልክ የተላከው ሌላ ጎጆ እንደነበረው ቆመ። የታናሹ ሚስት ግን ገብታ ምድጃውን አየችና ወደ ማዶ ተጣራች።

«ኧረ አያ፣ እሳቱስ?»

«እሳት በጭረት አይላክም ልጄ። እዚያው ከጎረቤት ጭረሽ አንድጂ።»

እየዋለ እያደረ ምልክቱ በረከተ። «ይህ ቋሚ ነው» ከማለት አልፎ «እዚህ ቆፍር፣ ይህን ገመድ ፍታ» ማለት ጀመረ፤ ሥራ ያቀላጥፍ ነበርና ማንም አልተቃወመም። አናጢውም ያነበበውን ሁሉ ሳይጠይቅ ይፈጽማል። አንድ ቀን ላኪው ያልታወቀ ሸክም በድልድዩ መጣ። የመጀመሪያው እንጨት ላይ የተጫረው «ጎተራውን ክፈት» ይል ነበር። አናጢው ከፈተ። ጎጆው ሳይቆም እህሉ አለቀ።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሁለት ፕሮሰሶችም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ አንዱ የሌላውን ዘው ብሎ አያይም። በመካከላቸው የሚዘረጋው ፓይፕ በ1973 ዩኒክስ ውስጥ ከገባ ጀምሮ የሚያሳልፈው ባይት በባይት ነው፤ የትኛው የምን እንደሆነ አያውቅም። የፋይል ስሞችን በፓይፕ ልኮ በየመስመሩ የሚቆርጥ የሼል ስክሪፕት የመጀመሪያውን ክምር ነው የላከው። ዩኒክስ በፋይል ስም ውስጥ አዲስ መስመር ስለሚፈቅድ አንዱ ፋይል ሁለት ሆኖ ሊደርስ ይችላል።

ፓይተን ላይ አንዱ ጭረት ጄሰን የተባለው የጽሑፍ ቅርጽ ነው። ሌሎች ቋንቋዎችም ያነቡታል፤ ምልክቶቹ ግን ጥቂት ናቸው። ቁልፉ 7 ቁጥር የሆነ ዲክሽነሪ ብትልኩ ማዶ ሲደርስ ቁልፉ «7» የሚል ጽሑፍ ሆኗል። ተፕል ሊስት ሆኖ ይገባል። ዴትታይም ከሰጣችሁት ግን አልልክም ብሎ ስህተት ይጥላል። ብዙ ሰው የሚያማርረው በዚህ እንቢታ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እንቢ ያለው ሳይሆን ዝም ብሎ የለወጠው ነው፤ ቁልፉ መለወጡ የሚታወቀው ከስንት ፍለጋ በኋላ ነውና።

ፒክል የተባለው የፓይተን የራሱ ጭረት ከጄሰን የሰፋ ነው። የራሳችሁን ክላስ ኦብጀክት ሳይቀር ያሻግራል፤ የፓይተን መልቲፕሮሰሲንግ ሞጁልም ውስጥ ለውስጥ የሚሠራው በእሱ ነው። የተከፈተ ፋይል ግን አይልክም፤ የፋይሉን አድራሻ ላኩና ተቀባዩ ራሱ ይክፈተው። ከዚህ የከበደው ደግሞ ፒክል ሲፈታ ዳታ ብቻ ሳይሆን ትእዛዝም መፈጸሙ ነው። የተንኮለኛ ፒክል ገና ሲነበብ የፈለገውን ኮድ ሊያስኬድ ይችላል፤ የፓይተን ሰነድም ይህን በጉልህ ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ፒክልን ራሳችሁ ባስነሳችኋቸው ፕሮሰሶች መካከል ብቻ ተጠቀሙበት። ከውጭ የሚመጣውን በጄሰን ተቀበሉ፤ ቀኑን በአይሶ 8601 አጻጻፍ ጽሑፍ አድርጋችሁ ላኩ፤ ቁልፎቹንም ከመነሻው ጽሑፍ አድርጓቸው።