ደመወዛችሁን አሠራሩ ላልታየ ትርፍ አትስጡ

በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በቢቸናና በሞጣ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፤ ደመወዛችሁ ከወር ወር እንደማያደርስ እያወቅሁ ስለ መዋዕለ ንዋይ ልመክራችሁ መነሣቴ አይክፋችሁ። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ነው ጥንቃቄ የሚሻው። መምህር ያጣውን ለመተካት ዓመታት ይፈጅበታል።

መቆጠብ ደግ ነው፤ ባንክ ብቻ የተቀመጠ ብር ግን አቅሙ ይመነምናል። የብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ይህን ያየ ሰው ሌላ መንገድ ቢፈልግ አይፈረድበትም። አደጋው «ሰው አስገባ፣ ብርህ በወር እጥፍ ይሆናል» የሚል ባልደረባ በዚህ ጭንቀት መካከል ሲመጣ ነው። የምናምነው ሰውየውን አይተን እንጂ ሥራውን መርምረን አይደለም። እንዲህ ሰው በማስገባት የሚካሄደውን የፒራሚድ ሽያጭ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክለዋል፤ «ትርፉ ከክሪፕቶ ነው» ቢላችሁም፣ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል።

ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ አሠራሩን ካላሳየ ሙሉ ነጥብ አትሰጡትም። ትርፍ ለሚያወራላችሁም እንዲሁ ሁኑ። ትርፉ ከምን ሥራ ይገኛል? ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? ልጄ ቢታመም ገንዘቤን መቼ አወጣለሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ሕጋዊ አክሲዮን ለሚገዛም ይሠራል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሕጋዊነቱ አያጠያይቅም። ሆኖም የቤት ኪራይና የጤፍ መግዣ እዚያ አይገባም፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ቢከፈትም፣ አክሲዮን በቸገረን ቀን ባሰብነው ዋጋ ላይሸጥ ይችላል። በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወረዳዎች የነበራችሁ፣ የጥቂት ወራት ቀለብ የሚሸፍን ተቀማጭ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ እሱ ይሟላ።

ከሁሉ የምፈራላችሁ ግን ዋስትናን ነው። ባልደረባ ሊበደር ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ይሉኝታ ይዞን፣ የብድሩን መጠን እንኳ ሳናነብ እንፈርማለን። ተበዳሪው ሥራ ለቆ ቢሄድ ዕዳው ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል፤ የሚጎድለውም የዋሱ ልጆች እንጀራ ነው። ስለዚህ ብድሩ ለምን እንደሆነና በምን እንደሚከፈል ጠይቁ፤ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ሳትመክሩም አትፈርሙ። ለሕክምና ወይም ለቤት መሥሪያ ከሆነ፣ አቅማችሁም ከፈቀደ፣ ቁሙለት። ለድግስ ከሆነ እምቢ በሉ፤ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል የሆናችሁም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተገኙ። የኦዲት ሪፖርቱ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ያልተመለሰው ብድር ስንት እንደሆነ ሳይነገራችሁ ከአዳራሹ አትውጡ።