ከልጅ ጋር ባሕር መሻገር

በጎጃም፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ብቻውን ይሄድ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዛሬው ዘመን ግን በዚያው ዕድሜ ያለውን ልጅ ወደ ውጭ አገር ስንወስደው እጁን ይዘን ነው። እንግዲህ አብሮት የሚጓዘው አዋቂ ለልጁ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው?

የቆሎ ተማሪው ብቻውን ቢሄድም የሚለምንበት ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ ነበር፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰሚ አያጣም። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ግን በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲወሰድ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱበት፤ እርሱም በእንግሊዞች እጅ አድጎ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሰው አገር ዐረፈ። የጎደለበት ልብስና ምግብ ሳይሆን ወገን ነበር።

ስለዚህ ለልጅ ወገን ያስፈልገዋል። ነገር ግን ወገን መሆን ራሱ ፈተና አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የ13 ዓመት የእኅታችንን ልጅ ይዘን ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሄደን ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያ መርማሪው በእንግሊዝኛ የጠየቀንን ሳንረዳ፣ አለማወቃችን እንዳይታወቅ «አዎን» አልነው። ልጁም ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ የጠየቀዎት የሌላ ሰው ዕቃ ይዘዋል ወይ ብሎ ነው» አለን። ሻንጣችን ከመበርበር የዳነው በእርሱ ነበር። እኛ ግን በሰው ፊት አረመን ብለን ተቈጣነው፤ ቀኑንም ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

ማታ ነገሩን ስናስበው አፈርን። ልጁ እውነት ስለ ተናገረ ተወቀሰ፤ እኛ ሐሰት ተናግረን ክብራችንን ጠበቅን። እንዲህ ያለ ትምህርት ልንሰጠው ኖሯል ባሕር ያሻገርነው? በማግሥቱ «ትናንት የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ያልሰማነውን አንተ ንገረን» አልነው። እርሱም ፊቱ በራ፤ በዴር ሡልጣን የመነኮሳቱን ጎጆዎች በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባየ ጊዜ ምክንያቱን ይጠይቀን ጀመር። የምናውቀውን ነገርነው፤ የማናውቀውንም አብረን መነኮሳቱን ጠየቅን።

በባዕድ አገር ልጅ ከአዋቂው አስቀድሞ ቋንቋውን ይሰማል፣ መንገዱንም ይለምዳል። በዚህ ጊዜ አዋቂው የሚያስተምረው ሁሉን በማወቅ ሳይሆን፣ አላወቅሁም ለማለት ባለማፈር ነው። ወላጆችና መምህራንም ይህን ያስቡበት ዘንድ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ ጻፍን።