ከቀብር መልስ

ገለጉ የቋራ ወረዳ ከተማ ናት። በወዲያ ማዶ ሱዳን፣ በዙሪያዋ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ አለ። ከገለጉ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ቆላ ከሌላ አገር የመጣው ሰው ብዙ ነው። ከደጋው ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ አለ፤ ሊነግድ መጥቶ በዚያው የቀረም አለ። ቀደም ባለው ዘመን ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ ወደ ሐጅ የተነሱ ሙስሊሞች በመተማና በገላባት ሰፍረው ቀርተዋል፤ ተክሩሪ የሚባሉት እነርሱ ናቸው።

እንዲህ ባለ አገር ወዳጅ ማለት ዘመድ ነው። ወባ ሲጥለው የሚያስታምመው፣ አጀሉ ሲደርስ አጥቦና ከፍኖ የሚቀብረው ወዳጁ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ለምንኖረው ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከተማ ያሰባሰበን የየአገሩ ሰዎች ነንና።

ውድ አንባቢያን! ጥያቄው ከቀብር መልስ ያለው ነው። ለተዕዚያ ስንሰበሰብ «ሰጋጅ ነበር፣ እጁ ለድሃ አይሰስትም፣ ቤተሰቡን አክባሪ ነበር» እንላለን። ይህ መልካም ነው። ሶሓቦች አንድን ጀናዛ በበጎ ባነሱት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሟቹ ጀነት እንደተገባለት ነግረዋቸዋል። ነገር ግን በምስክርነት ብቻ ወጥተን ከሄድን የወዳጅነቱ ሐቅ ተወጥቷልን? ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱና የምንማረው ሌላ ነው።

ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ) እናስታውስ። በነጃሺ ፊት ስለ ኢስላም የተናገረው፣ ብዙ ዓመት እዚሁ ሐበሻ የኖረው፣ ልጁ አብዱላህ በዚሁ ምድር የተወለደለት ታላቅ ሶሓባ ነው። ድሆችን እጅግ ከመውደዱ የተነሳ «አቡል መሳኪን»፣ የድሆች አባት ተባለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በረሃብ ዘመናቸው ጃዕፈር ቤቱ ወስዶ ያለውን ያበላቸው እንደነበር ተርከዋል። ምግብ በጠፋ ቀን ባዶውን የቅቤ ቆዳ ያወጣላቸው ነበር፤ እነርሱም ቀደው በላዩ የቀረውን ይልሱ ነበር። የሌለው ሰው እንዲህ ሰጠ!

ጃዕፈር በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ዘመቻ ሲሰዋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? አለቀሱ፤ በማልቀስ ግን አልተወሰኑም። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለሆነ ምግብ ተሠርቶ እንዲወሰድላቸው አዘዙ። ከሦስት ቀን በኋላ ልጆቹን አስጠሩ፤ ፀጉር ቆራጭ አስመጥተው ራሳቸውን አስላጩላቸው። እናታቸው አስማእ (ረ.ዐ) የልጆቹን የቲምነት ብታነሳ፣ በዱንያም በአኺራም ወሊያቸው እርሳቸው ሆነው ሳለ ስለ ድህነት እንዳትሰጋ አጽናኗት። ምግብ፣ ፀጉር፣ ዋስትና፦ የወዳጅ መታሰቢያ እስከዚህ ድረስ ይወርዳል።

ሁለተኛው ዕዳ ነው። ሁለት ዲናር ዕዳ የነበረበት ሰው ሞቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊሰግዱበት አልፈለጉም ነበር፤ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሱ ሲወስድ ግን ሰገዱበት። በማግስቱ ስለ ሁለቱ ዲናሮች ጠየቁት። ገና ትናንት መሞቱን አስታወሳቸው። ዳግም ሲጠይቁት መክፈሉን ነገራቸው፤ ያኔ የሟቹ ገላ እንደቀዘቀዘለት ተናገሩ።

ይህ ለሰሊጥ አገር ሰው ምን ያህል ቅርብ ነገር ነው! በክረምት ለአረም የተወሰደ ብር ከአጨዳ በኋላ ይመለሳል ተብሎ በቃል ብቻ ይቀራል። ነጋዴው ወዲህ አበድሮ ወዲያ ተበድሮ ሳለ ሞት ይቀድመዋል። በከተማችን ሱቅስ ስንቱ ሒሳብ በሁለት ሰው መካከል ብቻ ያለ ነው? በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የበቀራህ 282ኛው፣ ዕዳ እንዲጻፍ የሚያዝ መሆኑን አንርሳ። ከቀብር ወጪ ቀጥሎ የሚቀድመው ዕዳ ነው፤ ከዚያ ከሲሶ ያልበለጠው ኑዛዜ፣ ከዚያም ውርስ ይከተላል። ሟቹ ምን እንደነበረበትና ምን እንደነበረው የሚያውቀው ወዳጁ ነው። ያ ወዳጅ «ማን ያውቅብኛል?» ብሎ ዝም ካለ፣ የሚበላው የየቲም ገንዘብ እሳት መሆኑን አላህ ነግሮናል።

ሦስተኛው የተደበቀው ሰደቃ ነው። ሙኽሊስ ሰው ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው እንዳያውቅ ይጥራል። በየወሩ እህል የሚሰፍርላት መበለት፣ የቁርኣን መማሪያ የሚገዛለት ልጅ ይኖራሉ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ተሰዶ መጥቷል፤ ከነዚያ ስደተኞች አንዱን ቤተሰብ በዝምታ የሚረዳም ይኖር ይሆናል። እርሱ ሲሞት የነዚህ ሰዎች ጉርሻ አብሮ ይቀበራል። ምስጢሩን የምናውቅ ጥቂት ወዳጆች ነን። ለአምስት ብንካፈለው ለማናችንም አይከብድም፤ በኒያውም የርሱ ሰደቃ ሆኖ ይቀጥላል።

ወዳጅነት በጊዜ ብዛት እንዳይደርቅ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለኸዲጃ (ረ.ዐ) ያደረጉትን እንይ። ካረፈች ከዓመታት በኋላ እንኳ በግ ሲያርዱ ከሥጋው ለወዳጆቿ ይልኩ ነበር። እኛስ አርባ ቀን ሳይሞላ የሟቹን ቤት መንገድ የረሳን አይደለንም?

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች! ወዳጃችሁ በሞተ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ዕዳው ስንት ነው? ልጆቹን በትምህርት ቤት ማን ይከታተላቸዋል? እርሱን ይጠብቁ የነበሩ ድሆች እነማን ናቸው? ወደ ባለቤቱ በሸሪዓው አደብ በእህቶቻችን በኩል ድረሱ። በቆላ የሞተ ከሆነም ቤተሰቡ ደጋ ቢሆን እንኳ ሒሳቡን ጽፋችሁ በምስክር አድርሱ። እኛም በሕይወት ሳለን ያለብንን ጽፈን ለታማኝ ሰው እናስቀምጥ፤ ይህ ወሲያ ነው፣ ሞትን መጥራት አይደለም።

የሰው ልጅ ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የማይቋረጡት ሦስት ናቸው፦ ዘላቂ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ልጁ መልካም ሆኖ እንዲያድግ ማገዝ ግን በኛ እጅ የቀረ አማና ነው።

አላህ ቀድመውን ያለፉትን ወዳጆቻችንን ይማርልን፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ አማናቸውን የምንወጣ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።