ጎመን በጤና፣ ሞያሌ ላይ

«ጎመን በጤና» ስትል እናቴን የሰማኋት ጾም ባልሆነ ቀን ጎመን ብቻ ቀርቦ የኛ የልጆቿ ፊት ሲጠቁር ነበር። በሽታና ጠብ ካለበት ሥጋ ይልቅ ሰላም ያለበት ጎመን ይሻላል ማለቷ ነው። አባባሉን መመርመር የጀመርኩት ግን ካደግሁ በኋላ፣ ኬንያ ሞያሌ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው።

እዚያ ጎመን ስሙ ብዙ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ጎመን፣ ቦረናው ራፉ፣ አስተናጋጁ ደግሞ ሱኩማ ዊኪ ይለዋል። የመጨረሻው ስዋሂሊ ነው፤ «ሳምንቱን ግፋ» እንደ ማለት። ገንዘብ እስኪገኝ ሆድ ይዞ የሚያዘልቅ ቅጠል መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። በደቃቁ ይከተፍና በሽንኩርትና በቲማቲም ቁሌት ትንሽ ይበስላል፤ እንደኛው ጎመን ብዙ እሳት ላይ አይቆይም። ከኡጋሊ ጋር ይቀርባል። ኡጋሊ ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ቅቤና በርበሬ የሌለው።

እኛም ብንሆን ጎመንን ሁልጊዜ ወደን አልበላነውም። ደጋ ላይ ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ቤተሰቡን የሚያሻግረው እሱ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን «ጎመን ውጣ፣ ገንፎ ግባ» ተብሎ ይባረራል፤ ውለታው በአንድ ቀን ይረሳል። እንዲህ ከሆነ እናቴ ያመሰገነችው ጎመኑን አልነበረም። የአባባሉ ክብደት ሁሉ ያረፈው «በጤና» ላይ ነው።

ታዲያ ጤናው ከሌለስ? በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከድንበሩ ወዲያ ባለው በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ ሺዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያ ሸሹ። ቤቱን ዘግቶ ለሮጠ ሰው ሱኩማ ቢቀርብለት ጎመኑ አለ፣ ጤናው ግን ማዶ ቀርቷል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ ከብቱ አለቀ፣ ወተቱ ነጠፈ። አባባሉ በጣም የሚደክመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጎመንና ጤና የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ጤናው ከሌላ ቦታ ይመጣል ብሎ ያስባል። በወተት ላደገ ሕፃን ግን ጤናው ራሱ ወተቱ ነበር። ቅጠሉ ቫይታሚን ይሰጠዋል፤ የወተቱን ስብና ፕሮቲን አይተካለትም። ለዚያ ልጅ እናት «ጎመን በጤና» ብሎ ማጽናናት ጭካኔ ነው።

ከጎኔ የተቀመጠው ጫኝና አውራጅ ቦረና ውስጥ ሜጋ ከተማ ላይ ቤተሰብ ያለው ሰው ነበር። ኡጋሊውን በጣቱ እያድቦለቦለ ጎመኑን ሲጠቀልልበት፣ ሰልችቶት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ምን ይሰለቻል? ሥጋ በበላሁ ማግስት እንኳ ይናፍቀኛል» አለኝ።

ሳህኑን በመጨረሻዋ ጉርሻ ጠራረገና እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ሲመለስ ሳልጠይቀው፣ «ትናንት ደውዬ ነበር፤ ልጆቹ ደኅና ናቸው» አለኝ።