ሁለት ዞኮሎ

ሁለት ዞኮሎ፣ ማለትም ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ላይ የሚመታውን ጌጠኛ እንጨት፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ። እንጨታቸው አንድ፣ የጠርዛቸው ኩርባም አንድ። የመጀመሪያው የተሠራው ምላጩ በተሸፈነ መላጊያ ማሽን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሽፋኑ ተነቅሎ፣ ጣት ምላጩን ለጥቂት እያለፈ። በዓይን አትለዩአቸውም። ታዲያ ሁለቱም እኩል ጥሩ ሥራ ናቸው?

ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ እንጨት ቤት በር ላይ በቆምኩ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ይመጣብኛል። (የሰጋቱራ ሽታ ስለምወድ ሥራ እንደሌለው ሰው እቆማለሁ።) ምላጮቹ የታሰሩበት ብረት በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ስለሚሽከረከር የቆመ ነው የሚመስለው።

ዞኮሎን አስቸጋሪ የሚያደርገው ቅጥነቱ ነው። መጀመሪያ ጠባብ አድርጎ ሰንጥቆ፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጣት የሚፈጥን ይመስላል። ግን ቀጭን እንጨት ይንቀጠቀጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ምላጩ ወደ ኋላ ይወረውረዋል፤ የያዘው እጅም ለምላጩ ቅርብ ነው። የሚያውቅበት ሰው መጀመሪያ የሰፊውን ጣውላ ጠርዝ ቅርጽ ያወጣለታል፣ ከዚያ ያንን ጠርዝ በመጋዝ ሰንጥቆ ይለየዋል። እጁ ይርቃል፣ ጣውላውም ከባድ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ ይላል። በአንዴ ጠልቆ አይልግም፤ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ይደጋግማል። መጨረሻው ላይ በእጁ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋል። ጓንትም አያደርግም፤ ምላጩ ጓንቱን ከያዘ እጅን አብሮ ነው የሚስበው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄና ጥራት አንድ ናቸው ብሎ መገላገል ያምራል። ሁሌ ግን አንድ አይደሉም። ጎበዝ ባለሙያ ሽፋኑን አንስቶም እንከን የሌለው ሥራ መቶ ጊዜ ሊያወጣ ይችላል። አንዱን ጎልማሳ ባለሙያ "ጋሼ፣ ሽፋኑ የት ሄደ?" አልኳቸው። "ያዘገየኛል ልጄ፤ ደንበኛው ለነገ ነው የሚለኝ" አሉኝ።

የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያዛል፤ ሠራተኛውም የአደጋ መከላከያውን እንዳያነሳ ይከለክላል። ጉዳዩ የሁለቱ ነው፤ ደንበኛ እዚያ ውስጥ የለም። ባለቤቱም ሠራተኛውም አንድ ሰው በሆነበት ቤት ደግሞ አዋጁ ማንን ከማን ይጠብቃል?

"እጁ የራሱ ነው፣ የመረጠውም እሱ ነው" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። አልዋጥልህ ይለኛል። ምርጫው በእጁና በቤት ኪራዩ መካከል ከሆነ፣ "ነገ ካልደረሰ ሌላ ጋ እወስደዋለሁ" ያልኩት እኔ ምርጫውን አጥብቤበታለሁ። ወንጀል አልሠራሁም፤ ነፃም አይደለሁም። ሁለተኛው ዞኮሎ ለእኔ እኩል ጥሩ ያልሆነው ለዚህ ነው፦ ከዋጋው ውስጥ ያልከፈልኩት አለ።

አሁን እንጨት ሳሠራ ቀኑን ባለሙያው እንዲቆርጥ እተዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ካሰብኩት ሁለት ቀን ይጨምርበታል። አንዳንዴ ሦስት።