የነፍስ መልሕቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፥ ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 ቁጥር 19 ስለ ክርስቲያን ተስፋ ሲያስተምር ምሳሌውን ከባሕር ወስዶ ተስፋን በመልሕቅ ይመስላታል። እኛ አብዛኞቻችን የደጋ ሰዎች ስለ ሆንን የዘሪውና የእረኛው ምሳሌ ሲነገር ነገሩ ወዲያው ይገባናል፤ የመልሕቁ ምሳሌ ግን ብዙ ጊዜ በስሙ ብቻ ያልፋል። መልሕቅ ማለት መርከብን የሚያቆም ከባድ ብረት ነው ይባልና ትርጓሜው በዚያው ያበቃል። ከዚህም የተነሣ ተስፋን በልብ ጓዳ እንደ ተቀመጠ ዕቃ የሚቈጥር፥ ክርስትና ተነሥቻለሁና፥ ማዕተቤንም በአንገቴ አስሬአለሁና ማዕበል አይነካኝም የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ማዕበሉ በመጣ ጊዜ ግን ይደነግጣል፤ ተስፋ አታለለችኝም ብሎ ያማርራል። ይህ ሰው መልሕቅ ነበረው፤ ከመርከቡ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ እንጂ ወደ ባሕር አልጣለውም።

ምሳሌውን ያላወቀ ምሥጢሩን ስለማያገኝ፥ የሐዋርያውን ቃል በሚገባ እናስተውል ዘንድ አስቀድመን መልሕቅ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት።

በነፋስ ኀይል የሚሄድ፥ ቤተ ሰብም የሚያድርበት ባለ ሸራ ጀልባ ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል ቢሆን እስከ 10 ሺህ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ይህን ሁሉ ክብደት ሌሊቱን በነፋስ ፊት ይዞ የሚያሳድረው መልሕቅ ግን ብዙ ጊዜ 20 ወይም 25 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንድ ጐልማሳ ያነሣዋል። እንግዲህ ጀልባው በመልሕቁ ክብደት እንደማይያዝ ግልጥ ነው። መልሕቅ የሚይዘው በባሕሩ ወለል ውስጥ ገብቶ ሲቀበር ነው። ለዚህም ገበሬያችን መልካም ምስክር ነው፤ ማረሻ ወደ ፊት ሲሳብ መሬቱን ሰንጥቆ ይገባል፥ ወደ ላይ ቢነሣ ግን ይነቀላልና። እንግሊዛዊው ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. የፈለሰፈው መልሕቅም የማረሻ ቅርጽ ያለው ነበር።

መልሕቁ በጐን እንዲሳብ የሚያደርገው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ከጀልባው አፍንጫ እስከ ባሕሩ ወለል ያለው ቁመት፥ የባሕሩ ሙላት የሚጨምረውም ተቈጥሮ፥ 10 ሜትር ነው እንበል። 12 ሜትር ሰንሰለት ብቻ የለቀቀ መርከበኛ መልሕቁ ወለሉን ነክቶለታል፤ ነገር ግን አልያዘለትም። ነፋሱ ጀልባውን ወደ ኋላ በገፋው ጊዜ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይቆምና መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል። ብልህ መርከበኛ ግን በጸጥታ ቀን የቁመቱን 5 እጥፍ፥ ማለት 50 ሜትር ይለቃል፤ ነፋሱ የሚበረታ ሲሆን 7 እጥፍ፥ ማለት 70 ሜትር ይለቃል። ከዚህ የሚበዛው በባሕሩ ወለል ላይ ተጋድሞ የሚተኛ ስለ ሆነ ከላይ የሚመለከት ሰው አያየውም፤ የጀልባው ሰላም ግን በዚህ በማይታየው ላይ ነው።

የክርስቲያን ተስፋም እንዲሁ ነው። በሰው ፊት የሚታየው ነጠላው፥ ዝክሩና የበዓል ቀን ጉዞው ነው። በችግር ቀን ነፍሱን የሚይዛት ግን በሌሊት ያደረሰው የማይሰማ ጸሎት፥ ማንም ያላየለት ጾም፥ ስሙ ሳይጠራ የሰጠው ምጽዋት ነው። ጌታችንም በተራራው ስብከት ምጽዋትን፥ ጸሎትንና ጾምን በስውር እንድናደርግ ማዘዙ ስለዚህ ነው። ሰንሰለቱም አስቀድሞ በጸጥታው ጊዜ መለቀቅ አለበት፤ ዐውሎ ነፋስ ከተነሣ በኋላ ላጽናው ማለት እጅግ ከባድ ነውና።

ደግሞም መርከበኛው መልሕቁን በየትም አይጥልም። አሸዋና ጭቃ መልሕቅን በሚገባ ይይዛሉ። ዐለት ለቤት መሠረት መልካም ቢሆንም መልሕቅ ገብቶ የሚቀበርበት ስፍራ ስለሌለው ለዚህ አይመችም። የባሕር ሣርም ያታልላል፤ መልሕቁ ሣሩን ጨብጦ የያዘ ይመስላል፥ ነፋስ ሲመጣ ግን ከነሣሩ ይነቀላል። ስለዚህ መርከበኛው የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ ያቆማል፤ መልሕቁን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፤ ሰንሰለቱም በአንድ ስፍራ እንዳይከመር ጀልባው ወደ ኋላ ሲሄድ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ከዚህ በኋላ በሞተሩ ወደ ኋላ እየሳበ ይፈትነዋል፤ በምድር ላይ ያሉ ሁለት ምልክቶችን፥ አንድ ዛፍና አንድ ቤት ቢሆን፥ በአንድ መስመር እያየ ጀልባው መሸሽ አለመሸሹን ይመረምራል። በፈተናው ጊዜ መልሕቁ ቢያዝ በጥልቀት ይገባል፤ ባይዝ ደግሞ ነቅሎ ስፍራ ለመለወጥ ገና ቀን ነው። ሐዋርያው በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 5 መከራ ትዕግሥትን፥ ትዕግሥትም ፈተናን፥ ፈተናም ተስፋን እንደሚያስገኝ ያስተማረውን በዚህ እናስተውላለን። ተስፋችን በገንዘብ፥ በሹመት ወይም በዘመድ ላይ ተጥሎ እንደ ሆነ እግዚአብሔር በትንሹ ፈተና ቢያሳየን ቸርነቱ ነው።

ይህን ሁሉ ቅዱስ ጳውሎስ ከመጻሕፍት ብቻ የተማረው አይደለም። በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 27 እንደ ተጻፈ፥ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ 276 ነፍስ በተሳፈረበት፥ ስንዴ በጫነ የእስክንድርያ መርከብ ላይ ነበረ። በቀርጤስ ሳሉ ጉዞው ጥፋት እንደሚያመጣ ቢያስጠነቅቃቸውም የመቶ አለቃው ዩልዮስ ከእርሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ሰማ። ዐውሎ ነፋስም ያዛቸው፤ ፀሐይና ከዋክብት ለብዙ ቀን ተሰወሩባቸው። በ14ኛው ሌሊት እኩሌታ መርከበኞቹ ወደ ምድር እንደ ቀረቡ ጠረጠሩ፤ የመለኪያ ገመድ ቢጥሉ 20 የክንድ ዝርጋታ፥ ማለት 36 ሜትር ያህል አገኙ፤ ጥቂት ሄደው ደግመው ቢለኩ 15፥ ማለት 27 ሜትር ያህል ሆነ። ከዐለት ጋር እንዳይላተሙ ፈርተው ከመርከቡ በስተ ኋላ አራት መልሕቅ ጣሉና የቀኑን መንጋት ተመኙ። መልሕቅ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ይጣላል፤ በዚያ ሌሊት ግን ከኋላ መጣሉ መርከቡ ፊቱን ወደ ምድር አድርጎ እንዲያድርና ሲነጋ በቀጥታ ወደ ዳር እንዲሮጥ የሚያመች ነበር።

በዚህ ጨለማ ውስጥ የሆነው ነገር እኛን ካህናትንና የቤተ ክርስቲያንን አገልጋዮች ሁሉ ሊያስደነግጠን ይገባል። መርከበኞቹ ከፊትም መልሕቅ እንጥላለን ብለው አመካኝተው ትንሿን ጀልባ ወደ ባሕር አወረዱ፤ አሳባቸው ግን ተሳፋሪውን ትተው ማምለጥ ነበር። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሥራቸው ሁሉ ትክክል ነው፤ የሚናገሩት ስለ መልሕቅ ነው፤ እጃቸውም በገመድ ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ነቃባቸው፤ እነዚህ በመርከቡ ካልቀሩ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ አስታወቀ። ወታደሮቹም የጀልባዪቱን ገመድ ቈርጠው ለቀቋት።

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ ቤተ ክርስቲያን መርከብ ናት፤ በግእዝም ሐመር እንላታለን። የእኛስ እጅ በየትኛው ገመድ ላይ ነው? ስለ ምእመናን ተስፋ እየሰበከ በልቡ የራሱን ጥቅም የሚያሰናዳ ካህን፥ ስለ ሰበካው እየተናገረ የሰበካውን ገንዘብ ለራሱ የሚመኝ፥ ላስታርቅ ብሎ ተቀምጦ ለአንዱ ወገን የሚያደላ ሽማግሌ፥ ቤቴን ላቀና ነው እያለ ሚስቱንና ልጆቹን የሚተው አባት፥ እነዚህ ሁሉ መልሕቅ እንጥላለን እያሉ ጀልባ የሚያወርዱ ናቸው። በማዕበል ጊዜ ሕዝቡ የሚሻው የተዋበ ንግግር አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በመርከቡ ውስጥ መቅረቱን ይሻል። በዚያ ሌሊት የመርከቡን ሥራ የሚያውቁት እነዚያው ሊሸሹ የፈለጉት ነበሩና፥ የተሳፋሪው ሁሉ ሕይወት በእነርሱ መቅረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

መልሕቅ የጣለም ሁሉ ሥራዬን ፈጸምሁ ብሎ አይተኛም። እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የተደነገገው የባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ መልሕቅ የጣለ መርከብ ሌሊት ከየአቅጣጫው የሚታይ ነጭ መብራት እንዲያበራ ያዝዛል። መብራቱ ደግሞ የሚበራው በባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 12.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ሲያሳይ ግን እኩሌታው አልቋል። ልዩነቱ ግማሽ ቮልት ብቻ ስለ ሆነ በመብራቱ ብርሃን አይለይም፤ መለኪያውን የማይመለከት ሰው በእኩለ ሌሊት በጨለማ ይቀራል። ዘይት ሳይዙ የወጡት አምስቱ ደናግልም መብራታቸው በመጀመሪያ ይበራ ነበር።

ከጀልባው ወለል በታች ባለው ጕድጓድ ውሃ ሲጠራቀም ራሱ ተነሥቶ የሚቀዳ ፓምፕ አለ። ፓምፑ በየጊዜው ቢነሣ ግን አስተዋይ መርከበኛ ፓምፑ ደኅና ይሠራል ብሎ አይደሰትም፤ ውሃው የሚገባበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። እኛም ያንኑ ኀጢአት በየዓመቱ ወደ ንስሓ አባታችን እያመጣን ቀዳዳውን ሳንደፍን ብንኖር መቅጃውን ብቻ ማድከማችን ነው። የማብሰያው ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይተኛል፤ አንዲት ፍንጣሪ እሳት ብትነካው ጀልባውን ታፈርሰዋለች። ስለዚህ መርከበኛው ምግቡን አብስሎ ሲጨርስ ጋዙን ከምንጩ ይዘጋል። በልብ ግርጌ የተኛ ቂምም ይህን ይመስላል፤ ፀሐይ ሳይጠልቅ መዘጋት አለበት።

አሁንም በቀይ ባሕርና በሜዲቴራንያን በደካማ ጀልባ የተሳፈሩ የልጆቻቸውን ድምፅ የሚጠባበቁ እናቶች በየደብሩ አሉ። ለእነርሱ ተስፋ ማለት አይዞሽ ብሎ ማለፍ ሊሆን አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ በዚያ ማዕበል ጊዜ ያደረገውን እንመልከት፤ መርከቡ እንደሚጠፋ አልሸሸገም፤ ከነፍሳቸው ግን አንዲት እንዳትጠፋ በመልአኩ የተነገረውን ነገራቸው። ሊነጋም ሲል ምግብ እንዲቀበሉ ለመናቸው፤ እንጀራ ይዞ በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፥ ቈርሶም በላ፤ ሁሉም ተጽናኑ። መንጋቱን ከሚጠባበቁት ጋር መቀመጥ፥ እውነቱን መናገር፥ አብሮ መጸለይና አብሮ መብላት የካህንም የጎረቤትም ሥራ ነው።

ሲነጋም መልሕቆቹን ቈርጠው በባሕር ተዉአቸው፤ መርከቡ በዳር ተሰበረ፥ ሰዎቹ ግን 276ቱም በደኅና ወደ ምድር ወጡ። ደሴቲቱም ዛሬ ማልታ የምትባለው መላጥያ ናት። የብረት መልሕቅ እስከ ንጋት ያገለግላል፤ ከዚያ ይተዋል። ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት የነገረን መልሕቅ ግን ሌላ ነው። የባሕር መልሕቅ ወደ ታች፥ ወደ ጨለማው ጥልቅ ይጣላል፤ የነፍስ መልሕቅ ወደ ላይ ይጣላል፥ ከመጋረጃው ውስጥ ይገባል፤ በዚያ ስለ እኛ ቀድሞ የገባው ሊቀ ካህናችን ኢየሱስ ክርስቶስ አለና። የጥንት ክርስቲያኖች በሮም ከተማ ዋሻ መቃብሮች ላይ መልሕቅን የቀረጹት፥ የሞቱት ወገኖቻቸው በዚህ ተስፋ እንደ ተያዙ ሲመሰክሩ ነው። የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ቀሌምንጦስም መልሕቅ ታስሮበት ወደ ባሕር እንደ ተጣለ በገድሉ ይነገራል፤ አሳዳጆቹ ሊያሰጥሙበት ያሰሩበት ብረት ለቤተ ክርስቲያን የጽናቱ ምልክት ሆነ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በቅዳሴ ጊዜ በመቅደሱ መጋረጃ ፊት ስንቆም መልሕቃችን ከመጋረጃው ውስጥ መሆኑን እናስብ። ነፋሱ ሳይነሣ ሰንሰለቱን በጸሎትና በጾም እናርዝም፤ የያዘ መሆኑን በትንሹ ፈተና እንመርምር፤ መብራታችንን እንጠብቅ፤ ከመርከቡም አንውጣ። ቀኑ እስኪነጋ ድረስ በዚህ ያጽናን ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሐዋርያት ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።