ለከበሮ የሚቃጠል ናፍጣ፦ ብክነት ነው ወይስ ዕዳ?

የነዳጅ ዋጋ በናረ ቁጥር በየቤቱም በየተቋሙም አንድ ዝርዝር ይወጣል፤ የሚቀነሱ ወጪዎች ዝርዝር። የእህሉ፣ የቤት ኪራዩና የሕክምናው ወጪ ከግርጌ ሲቀመጥ፣ ከአናቱ ላይ የሚሰፍሩት ዘወትር ሙዚቃ፣ ጨዋታና ጉዞ ናቸው። ሦስቱንም በአንድነት የያዘው የወጣቶች ማርሽ ባንድ ጉዞ እንግዲህ ገና ከመነሻው ተሰራዥ ነው። በዚህ ላይ ክርክር አይነሣም፤ ቅሬታ እንኳ ቢኖር በሹክሹክታ ያልፋል። ነገር ግን ሁሉም ሰው ሳይከራከር የተስማማበትን ፍርድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ገልጦ ማየት ተገቢ ነው። ስለዚህ እንጠይቅ፦ ወጣቶችን ከነከበሯቸውና ከነመለከታቸው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለማድረስ የሚቃጠል ናፍጣ ብክነት ነውን? ብክነት ካልሆነስ፣ ዋጋው ሲንር ሸክሙን መሸከም ያለበት ማን ነው?

በእግር የሚሄድ፣ ያለ መኪና የማይደርስ

ማርሽ ከሌላው ሙዚቃ የሚለይበት ባሕርይ አለው። የአዳራሽ ሙዚቃ አድማጩን ‹‹ና›› ይለዋል፤ ማርሽ ግን ራሱ ተነሥቶ ወደ አድማጩ ይሄዳል። መሣሪያዎቹም ለዚሁ የተመረጡ ናቸው። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑ፣ በደረት ላይ የሚታሰረው ትልቁ ከበሮ፣ ሁሉም እየተራመዱ የሚጫወቷቸው፣ ጣራና ግድግዳ ሳያስፈልጋቸው ከሩቅ የሚሰሙ ናቸው። አድማጩ ትኬት አይቆርጥም። ባለሱቁ ሱቁን ሳይዘጋ፣ ሻይ ሻጯ ምድጃዋን ሳታጠፋ፣ ሕፃኑ የናቱን ቀሚስ እንደያዘ ባንዱ በደጃቸው ያልፋል። ኪሱ ባዶ የሆነውም ሰው ኪሱ ከሞላው እኩል ይሰማል።

ግራ የሚያጋባው ነገር እዚህ ላይ ነው። እርምጃን ራሱን ጥበብ ያደረገው ይህ ሙዚቃ ያለ መኪና ከሰፈሩ አይወጣም። አርባ ወጣቶችን ከነመሣሪያቸው ከሐርጌሳ እስከ በርበራ በእግር ማድረስ አይታሰብም። የነዳጅ ውድነት እንግዲህ ሙዚቃውን በቀጥታ ዝም አያሰኘውም፤ ባንዱ በሰፈሩ መጫወቱን ሊቀጥል ይችላል። የሚቋረጠው ወደ ሌላው መሄዱ ነው። ወደ ሌላው መሄድ ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ የማርሽ ዋነኛው ጠባይ ነው።

የአርባዎቹ ልጆች የጉዞ ዋጋ

በኢትዮጵያ የማርሽ ሙዚቃ ታሪክ ስመ ጥር የሆነው የወጣቶች ባንድ ራሱ የጉዞ ፍሬ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙበት ጊዜ፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ፣ ከእልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ከዚያም ‹‹አርባ ልጆች›› በሚል ስም የምናውቃቸው እነዚህ ወጣቶች በመርከብና በባቡር ተጉዘው በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በጳጉሜን ወር፣ አዲስ አበባ ገቡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። እርሱ የደረሰው ዜማ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥናው በዓል ላይ ተሰማ፤ እስከ ዘውዱ ፍጻሜም የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

የእነዚያን ልጆች የመርከብና የባቡር ዋጋ የዘመኑ ሒሳብ ያዥ ‹‹ትርፍ ወጪ›› ብሎ ቢሰርዘው ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ይሁን እንጂ ታሪኩን ስናደንቅ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም፤ ከፋዩ መስፍን ነበር። ከአርባዎቹ ልጆች በኋላ የተስፋፉት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶችም የሚጓዙት በመንግሥት መኪና፣ በመንግሥት ነዳጅ ነበር። ባለ ደመወዝ ሙዚቀኛ ሊትሩ ስንት እንደ ገባ ሳይጠይቅ ይሳፈራል። የት/ቤትና የሰፈር ወጣቶች ባንድ ግን መስፍንም ግምጃ ቤትም የለውም። ያለው የወላጆች መዋጮ፣ የአንድ ሁለት ነጋዴ ቸርነት፣ የአሠልጣኙ ድካም ነው። የዋጋው ንረት ሙሉ ክብደቱን የሚያሳርፈውም በዚህ በደካማው ትከሻ ላይ ነው።

የሊትር ሒሳብ

እኛ በሐርጌሳ የምንኖር አማርኛ አንባቢዎች ማርሽ ምን እንደሚያደርግ በዓይናችን እናያለን። በየዓመቱ ግንቦት 10 ቀን (እ.ኤ.አ. ሜይ 18)፣ ሶማሌላንድ በ1991 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ያወጀችበት ዕለት ሲከበር፣ ባንዶችና ተማሪዎች በከተማዋ ጎዳና ያልፋሉ፤ ከሕፃን እስከ አዛውንት ወጥቶ ያያል። በዚያች ቀን ከበሮው ትርፍ ነገር ነው የሚል ሰው አይገኝም። ጥያቄው የሚመጣው በማግስቱ ነው፦ ይኸው ደስታ ወደ በርበራ፣ ወደ ቡርዖ፣ ወደ ቦረማ ይሂድ ቢባል፣ ማን ይከፍላል?

በምሳሌ እናስላው። ከሐርጌሳ በርበራ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 320። አንድ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል ብንል ጉዞው ወደ 100 ሊትር ይጠይቃል። ተሳፋሪዎቹ 40 ወጣቶች ቢሆኑ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ዋጋው ሲጨምር 15 ወጣቶች መክፈል አቅቷቸው ይቀራሉ እንበል። አውቶቡሱ እነርሱ ስለቀሩ ናፍጣውን አይቀንስም፤ ያው 100 ሊትር ለ25 ይካፈላል፤ ድርሻውም አራት ሊትር ይሆናል። የአንድ ሊትር ዋጋ ከዚያ ወዲያ ሳንቲም ባይጨምር እንኳ የቀሩት ሰዎች ሸክም ከግማሽ በላይ ከበደ። በዚህ ምክንያት ሌሎች አምስት ይቀራሉ፤ የ20ዎቹ ድርሻ አምስት ሊትር ይገባል። የጋራ ጉዞ የሚፈርሰው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የወጣው ድሃው ልጅ ነው፤ መውጣቱ ግን ከእርሱ የተሻለውንም ያስወጣዋል። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚለው የአባቶች አባባል ይህንኑ ሒሳብ በአጭሩ ይናገራል።

ሊትሩ ደግሞ ባለበት አይቆምም። ኢትዮጵያ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ስትጀምር በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገብቶ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ። በለውጡ ጊዜ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች እንዲቆይ መደረጉ ትክክለኛ የፍትሕ ስሜት ነበረው፤ ሠራተኛው ሥራው ላይ መድረስ አለበትና። ነገር ግን ከበሮ ጭኖ ከከተማ ከተማ የሚሄደው የኪራይ መኪና የመስመር ታክሲ አይደለም። ‹‹ማን ርካሽ ነዳጅ ይገባዋል?›› የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የወጣቶቹ ስም አልተጠራም።

ለምን እንደማይጠራ ለመረዳት የየካቲት 1966 ዓ.ም. ትዝታ ይረዳናል። የዓለም የነዳጅ ዋጋ አሻቅቦ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ሲጨመር ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም በቀናት ውስጥ ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ። ታክሲ ሲቆም ከተማ ይቆማል። ማርሽ ባንድ ሲቆም ግን ማንም ከሥራው አያረፍድም። የጉዳቱ ድምፅ አለመሰማት ጉዳቱ ቀላል ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ስሕተት ነው።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ አሜሪካ ይመልከት። በዚያ ‹‹ድረም ኮር ኢንተርናሽናል›› በሚባለው፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውድድር በሚያካሂደው ማኅበር ሥር፣ እያንዳንዳቸው ከመቶ በላይ ወጣቶችን የያዙ የከበሮና የነሐስ ቡድኖች ክረምቱን በሙሉ በአውቶቡስ ሲዞሩ ያሳልፋሉ፤ በየት/ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ምግባቸውም መሣሪያቸውም በጭነት መኪና ይከተላቸዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ክረምት ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል ወደ 147 ዶላር ሲጠጋ፣ የናፍጣም ዋጋ በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ እነዚህ ቡድኖች ከዋጋው የሚሸሸጉበት ጥግ አልነበራቸውም። ዛሬም ወጣቱ ለአንድ ክረምት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ሀብት ባለበት አገር እንኳ የመንገዱ ዋጋ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በወጣቱና በወላጁ ላይ ከሆነ፣ ነገሩ የሀብት ማነስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሸክሙ በማን ላይ ይረፍ የሚለውን ያልተጠየቀ ጥያቄ ይመለከታል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በአክብሮት ልንሰማው ይገባል። ‹‹በድርቅ ጊዜ ለገጠሩ ሕዝብ ውኃ የሚያደርሰው ቦቴ ነው። ናፍጣ በጠፋበት ወይም በተወደደበት ዘመን አንዱ ሊትር ለከበሮ ሲቃጠል ሕሊና አይወቅስምን?›› የሚል ነው። በዚህ አገር ድርቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አያቃልልም። ምርጫው በእውነት በውኃና በከበሮ መካከል በሆነ ቀን ከበሮው ቤቱ ይቀመጥ፤ ወጣቶቹም ራሳቸው ጀሪካን ለመሸከም የመጀመሪያዎቹ ይሁኑ። ነገር ግን ጥያቄው በሌላው ቀን ሁሉ በሐሰት ይነሣል። ከወጣቶቹ ጉዞ የተቀነሰው ሊትር በቀጥታ ወደ ውኃ ቦቴው አይገባም። በሠርግ ቀን ጥሩምባ እየነፉ ከተማውን ሦስት ጊዜ በሚዞሩት መኪኖች፣ ሞተራቸው ሳይጠፋ በየደጁ በሚቆሙት ተሽከርካሪዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ስለ እነርሱ ግን ቦቴው አይነሣም። ድርቁን ልጆችን ለመገሠጽ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ለተጠማው አዝኖ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘመናችን ነው፦ ‹‹ቀርጾ በስልክ መላክ ሲቻል መጓዝ ለምን?›› የተቀረጸ ድምፅ ያለውን ዋጋ ለሐርጌሳ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። በ1988 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ የሐርጌሳ ሬዲዮ ሰዎች የሙዚቃ ክሮችን መሬት ቆፍረው በመቅበር ማዳናቸው ይታወቃል፤ ዛሬም በሐርጌሳ የባህል ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ክሩ የሞቱትን ድምፅ ለሕያዋን ያደርሳል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ክር አዲስ ከበሮ መቺ አይወልድም። በበርበራ ደጃፍ ላይ የቆመች ልጅ የዕድሜ እኩያዋ ትሮምቦን ይዛ በፊቷ ስታልፍ ስታይ ‹‹ለካ እኔም እችላለሁ›› የምትለው በዓይኗ ስላየች ነው። የሄደውም ልጅ ቢሆን የማያውቀው ከተማ ሲያጨበጭብለት፣ ባልለመደው ቤት ሲበላና ሲያድር የሚማረው ነገር በስልክ አይላክም።

መንገዱ ይጠር፣ ዝርዝሩ አይጠር

እንግዲህ ነዳጁ ብክነት ካልሆነና ገንዘቡ ደግሞ በቂ ካልሆነ ምን ይደረግ? ባንዱን የሚመራው ሰው በእጁ ሁለት መቀነሻ አለው። ወይ ከመንገዱ ይቀንሳል፣ ወይ ከስም ዝርዝሩ። ብዙዎች የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው፤ ጎበዞቹን ወይም መክፈል የቻሉትን ይዞ መሄድ ቀላል ነውና። ሩቁ ከተማም ጥሩ ሙዚቃ ይሰማል፤ የባንዱ ስምም ይጠበቃል። ይህ ጸሐፊ ግን ምርጫው የተሳሳተ ነው ይላል።

አርስቶትል ‹‹ፖለቲካ›› በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ስለ ወጣቶች የሙዚቃ ትምህርት ሲከራከር፣ ወጣቶች በመስማት ብቻ ሳይሆን ራሳቸው በመጫወት እንዲማሩ ይመክራል፤ ትምህርቱ ግን ለውድድርና ለሙያተኛነት የታለመ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ዓላማው ሰውየውን መቅረጽ ነው። ጎበዞቹን ብቻ ጭኖ የሚሄድ ባንድ ሳያውቀው ከትምህርት ቤትነት ወደ ቡድንነት ይወርዳል። ገና ጣቱ ያልፈታው፣ ሲምባሉን አንዳንዴ ከጊዜው አስቀድሞ የሚመታው ልጅ ጉዞውን ከሁሉ ይልቅ የሚፈልገው እርሱ ነው። መክፈል ያልቻለው ደግሞ በድህነቱ ላይ የሁለተኛ ሰውነት ስሜት ይጨመርበታል።

መንገድ ሲያጥር የሚጎዳም አለ፤ ሳይጎበኝ የሚቀረው ሩቁ ከተማ። ሁለቱ ጉዳቶች ግን እኩል አይደሉም። ከተማው በሚመጣው ዓመት ሊጎበኝ ይችላል፤ በቦታው ይጠብቃል። በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአውቶቡሱ በር የተመለሰ ልጅ ግን በሚመጣው ዓመት ከበሮውን ይዞ ላይገኝ ይችላል። የሚመለሰውን ኪሣራ ከማይመለሰው ማስቀደም የጥንቃቄም የፍትሕም ሕግ ነው። በርበራ ካልተቻለ በሐርጌሳ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ሁሉም አርባዎቹ ይሂዱ። በዓመት ሦስት ጊዜ ካልተቻለ አንድ ጊዜ ሄደው ሁለት ቀን ይቆዩ።

መዋጮውም ቢሆን በነፍስ ወከፍ እኩል መደልደል የለበትም። እኛ እድር የምናውቅ፣ የምንኖርባትም ከተማ ሕዝብ ‹‹ቃራን›› ብሎ ለተቸገረ ወገኑ የሚያዋጣ፣ አቅም ያለው አቅም የሌለውን ሸፍኖ ማሳለፍ አዲስ ነገር አይሆንብንም። በርበራ ዕቃ ሊያነሣ ባዶውን የሚወርድ የጭነት መኪና ትልልቆቹን ከበሮዎች ሊያደርስ ይችላል፤ ተቀባዩ ከተማ እራትና ማደሪያ ሊችል ይችላል። እድርም ቃራንም እስከ ዛሬ የኖሩት ለሐዘንና ለችግር ቀን ነው። ለወጣቶች ጉዞ እንዲደርሱ ማድረግ የልማድ መጣስ አይደለም፤ ለሟች ያወጣነውን ያህል ለሚያድገውም ማውጣት ነው።

ዋጋው ነገ ይውረድ ወይም ይውጣ በእጃችን አይደለም፤ ነዳጁ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ዋጋውንም የሚወስኑት እኛን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በእጃችን ያለው ሲወደድ ማንን እንደምናወርድ መወሰን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ባንድ አስተባባሪ ወደ ደጃችሁ መዋጮ ጥየቃ ቢመጣ፣ አንባቢ ሆይ፣ ስንት እንደሚያስፈልገው ከመጠየቃችሁ በፊት ስንት ልጆች ሊቀሩ እንደሆነ ጠይቁት።